የጋራዡ በር ድንጋዮች

ልጄ ዓለም ባንክ ሰፈር በሠራችው ቤት የመኪናው በር በሪሞት ይከፈታል። ከታች በኩል ግራና ቀኝ ሁለት ትንንሽ ዓይኖች አሉት። እየወረደ ሳለ ድመት እንኳ ብታልፍ ቆም ይልና ተመልሶ ይወጣል። እኔ ግን አላምነውም። ልጠይቃት በሄድኩ ቁጥር ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ መጥረጊያ አንስቼ ከሥሩ እደቅንበታለሁ፤ ተመልሶ ሲወጣ ካላየሁ ቁጭ ብዬ ምሳ መብላት አልችልም። ልጄ "እማዬ፣ ይኼ በር ምን አደረገሽ?" ትለኛለች። ያደረገኝ ሌላ በር ነው።

በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ግድም ኮልፌ እንኖር ነበር። አባቴ ጨርቅ ነጋዴ ነው። አንዲት አሮጌ መኪና ገዝቶ መጣና የሚያሳድርበት ቦታ ያስጨንቀው ጀመር። ግቢያችንም መንገዱም ጠባብ ስለሆነ ወደ ውስጥም ወደ ውጭም የሚከፈት በር አይሆንም። ስለዚህ ጎረቤታችን የነበሩት በያጅ ወደ ላይ የሚወጣ በር ሠሩልን። እሳቸው በወጣትነታቸው ጣሊያን ጋራዥ ሠርተዋል፤ በሰፈሩ እንዲህ ያለ ነገር የሚያውቅ ከሳቸው ሌላ አልነበረም። በሩ አንድ ወጥ ላሜራ ሆኖ ግራና ቀኝ በቆሙ ብረቶች መሃል ቀጥ ብሎ ይወጣል። ሲከፈት ከጣራው በላይ ተገትሮ ከሩቅ ይታይ ነበር።

ያንን ሁሉ ብረት የሚያነሣው ድንጋይ ነው። በሁለቱም ጎን ጥቁር ድንጋይ የተሞላ ሳጥን ተንጠልጥሏል፤ ከሳጥኑ የተነሣው የሽቦ ገመድ ከላይ በተሰቀለ ተሽከርካሪ ጎማ፣ በካሩኮላ፣ ላይ ዞሮ በሩን ይይዛል። በሩ ሲወጣ ሳጥኖቹ ወደ መሬት ይወርዳሉ። በያጁ አንድ ድንጋይ ሲጨምሩ አንድ ሲቀንሱ ግማሽ ቀን ፈጀባቸው። በመጨረሻ በሩ በጉልበት ልክም ቢሆን በደረት ልክም የተዉት ቦታ የሚቆም ሆነ። ከዚያ አባቴን ጠርተው አውራ ጣት የሚያህል ውፍረት ያለው ብረት ሰጡት። በሩ እንደተከፈተ ይኼ ብረት ከሥሩ በቋሚው ብረት ላይ ባለው ቀዳዳ መግባት አለበት፤ ለመዝጋት ከመንቀልህ በፊት ደግሞ በሩን በእጅህ ትንሽ ከፍ አድርገህ ክብደቱን ሞክር አሉት።

"በሩ ማለት ድንጋዩ ነው" አሉት። "ላሜራው ምንም አይደለም።"

አባቴ እሺ አለ። በሳምንቱ ረሳው። በሩ ባለበት የሚቆም ከሆነ ብረቱ ለምን ያስፈልጋል ባይ ነበር።

እኔ ግን አልረሳሁም፤ ምክንያቱም እናቴ እዚያ በር ሥር ነበር የምትውለው። ጆሮዋ ይከብዳል። ጋራዡ ጠዋት መኪናዋ ስትወጣ ባዶ ነው፣ ፀሐይም ያገኛል፤ በርጩማዋን ደፉ ላይ አኑራ እየጠለፈች አላፊ አግዳሚውን ሰላም ትላለች። ሰላምታውን በዓይኗ ነበር የምትሰማው። እኔ ቤት ውስጥ ሥራ ይዤ እንኳ ልቤ እዚያ ነው፤ ድስት አማስዬ እሮጣለሁ፣ ብረቱ መግባቱን አይቼ እመለሳለሁ፣ ልብስ አጥቤ ደግሞ እሮጣለሁ። ያኔ ዐሥራ አራት ዓመቴ ነው። እናቴ "አንቺ ልጅ ቂጥሽ መሬት አይነካም" ትለኝ ነበር።

የአባቴ የገበያ ወዳጅ ልጁን ሲድር ነገሩ ተበላሸ። ሰውየው እስላም ነው፣ እኛ ክርስቲያን ነን። ልማዱ የታወቀ ነው፤ ለክርስቲያን እንግዶች የሚቀርበው ሥጋ ለብቻው በክርስቲያን ቤት ይሠራል። ወዳጁ አባቴን አስፈቀደ፣ አባቴም ደስ እያለው ጋራዡን ለቀቀ። መኪናዋ ለሁለት ቀን መንገድ ላይ አደረች። የሰፈሩ ሴቶች ሽንኩርታቸውንና ብረት ድስታቸውን ይዘው ገቡ። በሩ ወደ ላይ ተነሣ፣ ብረቱን እኔ ራሴ አስገባሁ። ይኼን ጊዜ ሥራውን የሚመሩት የአጥር ጎረቤታችን ሴትዮ አዩኝና "ይቺስ ስታገባም በሩን ተሸክማ ነው የምትሄደው" አሉ። ሴቶቹ ሁሉ ሳቁብኝ። ጆሮዬ ድረስ ጋልኩ።

በማግሥቱ ጠዋት ድስት መጣድ ተጀመረ። ጉልቻ አነሰ። ሴትዮዋ ዞር ዞር ብለው ሲያዩ ሳጥኑ መሬት ላይ ወርዶ፣ ጥቁር ጥቁር ድንጋይ ሞልቶ፣ ክዳን እንኳ የለው። ከግራው ሳጥን ሦስት አነሡ፤ ለሁለተኛው ድስት ደግሞ ከቀኙ ሦስት። በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። አፌን ከፈትኩ፤ የትናንቱ ሳቅ ትዝ አለኝና መልሼ ዘጋሁት። ብረቱ እንደሆነ ገብቷል አልኩ ለራሴ። እስኪጨርሱ ነው፣ ኋላ እመልሳቸዋለሁ አልኩ። ሽንኩርት እየላጥኩ ዓይኔ ከእሳቱ ሥር አልነቀል አለ። ሦስት ጊዜ ተነሥቼ ሦስት ጊዜ ተቀመጥኩ። ረፋዱ ላይ አባቴ መጥቶ ሴቶቹን በርቱ አለ፣ ድስቶቹ አጠገብ ትንሽ ቆየና ሄደ።

ሠርጉ አማረ። ድንጋዮቹን ግን ማን ያስታውስ፤ ከአመዱ ጋር ተጠርገው ከአጥር ውጭ ተጣሉ። እኔም ሁለት ቀን ሙሉ ስላላክ ውዬ ሞቼ ነበር፣ ተኛሁ።

በነጋታው ከቀትር በኋላ አባቴ መኪናዋን ከመንገድ አንሥቶ አስገባት። እናቴ ደፉ ላይ ጎንበስ ብላ የቀረውን አመድ ትጠርጋለች። ጀርባዋን ሰጥታናለች። አባቴ ተነሺ አላት፣ ያልጠፋው የመኪናዋ ሞተር ሸፍኖት አልሰማችም። እሱም በሩ እንደ ወትሮው ባለበት የሚቆም መስሎት፣ እስክትነሣ ልዘጋጅ ብሎ ብረቱን ነቀለ። የድንጋዮቹ ነገር ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። ጮኼ ነበር ይሉኛል፤ እኔ የማስታውሰው የእናቴን ቀሚስ ይዤ መጎተቴን ብቻ ነው። በሩ መጣ። አባቴ ሁለት እጁን ከሥሩ ሰደደ፤ ለአፍታ ያዘው፣ ያቺ አፍታ ለእናቴ በቃቻት። ከዚያ አመለጠው። ቀኝ እጁን ከቋሚው ብረት ጋር አጣብቆ ወረደ።

መኪናዋ ከተጣመመው በር በስተጀርባ ታስራ ቀረች። አባቴን በጋሪ ነበር ሐኪም ቤት ያደረሱት። እጁ ተረፈ፣ ሁለት ጣቶቹ ግን ከዚያ ወዲህ አልታጠፉም። ጨርቅ ሲለካ የሚይዝባቸው ጣቶች ነበሩ። እናቴ አጠገቤ ስትቀመጥ ዓይኗን ማየት አቃተኝ።

ጠያቂው ጎረፈ። አባቴ በታሸገ እጁ ተቀምጦ ሰው ሁሉ በያጁን ሲያማ ይሰማል። ድንጋዮቹን ያነሡት ጎረቤታችንም መጥተው አለቀሱ፤ ድሮም የበያጁ ሥራ አያስተማምንም አሉ። አባቴ ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ።

በሳምንቱ በያጁ ራሳቸው መጡ። ሰላምታ ሰጥተው በቀጥታ በጓሮ በኩል ወደ ጋራዡ ገቡ። በመሰላል ወጥተው ሳጥኖቹን አንድ በአንድ አዩ፣ እጃቸውን ሰደዱ፣ ቆጠሩ።

"ድንጋዮቹስ?" አሉ።

አባቴ መሬት መሬት እያየ "እንጃ" አለ።

ሽማግሌው የእጃቸውን አቧራ አራገፉ። ከዚያ ኮፍያቸውን አድርገው ወጡ። ጀርባቸውን አይቼ ወደ አባቴ ዞርኩ። "አባባ" አልኩ፣ "እኔ አይቻለሁ። ለጉልቻ ሲወስዷቸው አይቼ ዝም አልኩ።" ይመታኛል ብዬ ጠበቅኩ። ቢመታኝ ደስ ባለኝ።

አባቴ መኪናዋን ተደገፈ።

"እኔም አይቻለሁ" አለ። "ድስቱ ሥር አይቼ አወቅኋቸው። ታዲያ ምን ልበል? ወዳጄ ልጁን ሲድር፣ በተጣደ ድስት ሥር ገብቼ ድንጋዬን መልሱ ልበል? ጋራዡን ፈቅዶ በድንጋይ ተጸጸተ አይሉኝም? ኋላ እመልሳለሁ ብዬ ረሳሁት።"

ሁለታችንም አንድ ነገር ረስተን ነበር። እናቴ ጆሮዋ ስለሚከብድ በእኛ ቤት ሁሉም ሰው ጮኾ ነው የሚያወራው፤ ለምስጢርም ቢሆን ድምፃችን ዝቅ ማለት አያውቅም። ስዞር ጥልፏን እንደያዘች በጓሮው መግቢያ ቆማለች። ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም፣ ቢኖር ይሻለኝ ነበር።

"ሰው ምን ይለናል ብላችሁ ነው" አለች ቀስ ብላ፣ "እኔን ከበሩ ሥር የተዋችሁኝ?"

አባቴ በግራ እጁ ኮቱን ከመኪናዋ ላይ አነሣ፣ አንዱን እጅጌ ለብሶ ሌላውን በታሸገው እጁ ላይ ጣል አደረገና ወደ በያጁ ቤት ሄደ። እኔም የያዝኩትን መጥረጊያ አስቀምጬ ከአጥሩ ውጭ ካለው አመድ ውስጥ ድንጋዮቹን እፈልግ ጀመር። አምስቱን አገኘሁ።