የደሴቷ ወጥ ሠሪ

ባለፈው ቅዳሜ ቢቸና መናኸሪያ የሞጣ አውቶቡስ ስንጠብቅ፣ የእህቴ ልጅ ሜሮን ስልኳ ላይ አቀርቅራ ቀረች። ብጠራት አልሰማ ስትለኝ ጠጋ ብዬ አየሁ። ዝናብ፣ ባሕር፣ ገደል አፋፍ ላይ የቆመ የእንጨት ቤት። ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ ያላየሁትን ያንን የጃፓን አኒሜ ወዲያው አወቅሁት። የመጨረሻው ክፍል ላይ ደርሳ ነበር።

«ያውቁታል እንዴ ጋሼ? ከአሥር ስንት ይሰጡታል?» አለችኝ።

ቆይ ላስብበት አልኳት። ለፊልም ነጥብ ለመስጠት ይህን ያህል የሚጨነቅ ሰው አይታ ስለማታውቅ ሳቀች።

ያኔ ኮሌጅ ጨርሼ ምደባ እየጠበቅሁ ቢቸና ሥራ ፈትቼ ተቀምጬ ነበር። ሃያ አራቱንም ክፍል በፍላሽ አስገልብጬ፣ በአንድ ሳምንት ሁለት ጊዜ ጨረስኩት። ታሪኩ አንዲት ደሴት ላይ ባለ የእንግዳ ማረፊያ የሚሆን ነው፤ ዝናብ በዘነበ ቁጥር አንድ እንግዳ ይሰወራል፤ አንዲት ወጣት ፖስተኛ ጉዳዩን ትከታተላለች። ሥራው ጥሩ ነው፤ ይህን ዛሬም አልክድም። ዝናቡ ሲሣል ብርዱ ይሰማል። ከሁሉም የወደድኩለት ግን ተመልካቹን አለማታለሉ ነው። ጥፋተኛው ነገር የማያበዛው አትክልተኛ ሲሆን፣ ጭቃ የነካው ጫማው ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ በር ላይ ይታያል። አላስተዋልክም እንጂ አልደበቁህም። መሐሉ ላይ ይንዛዛል፣ እሱን ቻል ማድረግ ነው።

በነሐሴ የኮሌጅ ጓደኛዬ ሰይድ ከባጃጅ ወድቆ እግሩን መሰበሩን ሰማሁ። ሰይድ የሞጣ ልጅ ነው፤ ቤተሰቡ ከቅድመ አያቱ ጀምሮ እዚያው በጨርቅ ንግድ የኖረ። ላፕቶፔን በፌስታል ጠቅልዬ ልጠይቀው ተነሣሁ። መንገዱ ያኔ ገና አስፋልት አልነካውም ነበር። ከደብረ ወርቅ ወዲያ ሁለት ጊዜ ወርደን መኪናውን ገፋን፤ ግንደወይን ላይ ጎማ እስኪቀየር ትኩስ ቅቅል ድንች በአዋዜ በላሁ፤ ሞጣ ስደርስ ከጉልበቴ በታች ጭቃ ነበርኩ።

ቤታቸው ከፊት ሱቅ፣ ከኋላ መኖሪያ ነው። በረንዳው ላይ ታንጉት የምትባል ልብስ ሰፊ በእግር የምትረግጠውን መኪናዋን ዘርግታ ትውላለች። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ሰላምታዋን ሰጥታ ወደ ስፌቷ ትመለሳለች፤ ከዚያ በላይ ወሬ የላትም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም የሚባለው ለእሷ የተነገረ ይመስለኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ መብራት ካለ ለሰይድ አኒሜውን እከፍትለታለሁ፤ የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ እያነበብኩ በአማርኛ እነግራለሁ። እናቱ እማማ ዘይነባ መጀመሪያ ቀን ሽንኩርት እየላጡ በበሩ አዩ፤ በሁለተኛው ቀን ወንበር ይዘው ገቡ። ፍልሰታ ስለነበር ለክርስቲያን እንግዳ ብቻ በምትወጣው ድስት ሽሮ ይሠሩልኛል፤ ሽሮው እሳት ላይ እያለ ግን ይረሱታል። አንድ ቀን አርሮ እየሳቅን በላነው።

አንድ ነገር ዋሸሁ። አይቼዋለሁ ማለት ሲገባኝ፣ እኔም እንደ እናንተው አዲስ ነኝ አልኩ። ከዚያ በየክፍሉ መጨረሻ «እኔ ይመስለኛል…» እያልኩ ቀጥሎ የሚሆነውን እናገራለሁ፤ በማግስቱ እንዳልኩት ይሆናል። የሰው ቅኔ ሰርቆ ማኅሌት ላይ እንደሚቀኝ ደብተራ ሆንኩ። አትክልተኛው ሲያዝማ እማማ ዘይነባ ጭኔን መታ አድርገው፣ ይህ ልጅ የሰው ልብ ያነብባል አሉ። ደስ አለኝ። አሁን ሳስበው የሚያሳፍረኝ ውሸቱ ብቻ ሳይሆን ደስታዬም ጭምር ነው።

በዚያው ሳምንት ከሱቁ አንድ ሙሉ ጣቃ አቡጀዴ ጠፋ። የሰይድ አባት ሐጂ ይመር በጠዋት ዕቃ ለመረከብ ወደ ደጀን ሄደዋል፤ ስልክ የመያዝ ልማድም የላቸውም። እማማ ዘይነባ መደርደሪያውን ሦስቴ ፈተሹ። ከዚያ ወደ እኔ መጥተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ እስቲ አንተ ነገር ታውቃለህ። ማንን ልጠርጥር?»

አላውቅም ማለት ይበቃኝ ነበር። እኔ ግን አትክልተኛው ትዝ አለኝ።

«ዝም የሚለውን ሰው ነው መጠርጠር» አልኩ።

አንገታቸውን ወደ በረንዳው መለስ አደረጉ። ማንን እንዳዩ አይቻለሁ፤ ቃሌን ለማጠፍ ጊዜ ነበረኝ፤ አላጠፍኩም። በማግስቱ በረንዳው ባዶ ነበር። ለጊዜው እረፊ ብለዋት፣ እሷም ለምን ሳትል መኪናዋን በጋሪ ጭና ሄዳለች። ወሬው ግን ከጋሪው ቀድሞ ገበያውን ዞረ።

በአራተኛው ቀን ሐጂ ይመር ተመለሱና ታንጉት የት ሄደች ብለው ጠየቁ። ነገሩ ሲነገራቸው በሩ ላይ ተቀመጡ። በሄዱበት ጠዋት ዘመድ የሌለው አንድ መንገደኛ ሞጣ ላይ ሞቶ ነበር። ለከፈኑ ከአቡጀዴው አስቀድደው፣ የቀረውን ለሌላ ደሃ እንዲሆን መስጊድ አስቀምጠውታል። ምጽዋት ከተነገረ አይጸድቅም ብለው ለሚስታቸውም አልነገሩም። ለከፈን የሚሰጡትን እንዲህ በዝምታ መስጠት ከአባታቸው የወረሱት ልማድ ነው። በዚያ ቤት ዝም ያለው ሰው እሳቸው ነበሩ።

የዚያን ቀን ፊልሙን አስቀድሜ አይቼው እንደነበር ለእማማ ዘይነባና ለሰይድ ነገርኳቸው። ሰይድ ፊቱን አዞረ። እናቱ አልተቆጡኝም፤ ነጠላቸውን አንሥተው ተነሥ አሉኝ። በጭቃው ውስጥ አብረን ወደ ታንጉት ቤት ወረድን።

እማማ ዘይነባ ተንበርክከው እያለቀሱ ይቅርታ ለመኑ። ታንጉት አነሣቻቸው፣ ወንበር ሰጠቻቸው። እኔም እንደ ምንም አፌን ከፍቼ ጥፋቱ የእኔ ነው አልኩ። ወደ ስፌቷ ተመልሳ ሰማችኝ፤ ከዚያ ቀና አለች።

«እሳቸውስ ንብረት ጠፍቶባቸው ነው። አንተ ምን ጠፍቶህ ነው?»

 የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ እሷም አላስታመመችኝም። ወደ በረንዳው አልተመለሰችም። ሰይድ ከወራት በኋላ ይቅር አለኝ፤ ወዳጅነታችን እስከ ዛሬ አለ። ስለ ታንጉት ግን ጠይቄው አላውቅም።

አውቶቡሱ ደብረ ወርቅን ሲያልፍ ለሜሮን መልሷን ሰጠኋት። ስምንት።

«ሁለቱን በምን ቀነሱበት?»

«ሰባተኛው ክፍል ላይ በጥርጣሬ ከማረፊያው የምትባረር ወጥ ሠሪ አለች» አልኳት። «ከዚያ የት ገባች?»

ሜሮን አሰበች። ሃያ አራቱንም የጨረሰችው ገና አሁን ነው።

«የትኛዋ ወጥ ሠሪ?» አለች።

አልፈረድኩባትም። እኔም ሁለት ጊዜ ስጨርሰው ልብ አላልኳትም ነበር፤ ትዝ ያለችኝ ታንጉት ከሄደች በኋላ ነው። ደራሲዎቹ ጥፋተኛውን ካገኙ በኋላ ወጥ ሠሪዋን ረሷት፤ እኔም ይቅርታ ብዬ ከወጣሁ በኋላ ሞጣ በሄድኩ ቁጥር የታንጉትን ሰፈር በሌላ መንገድ ስዞር ኖርኩ። ዋናው ጥፋተኛ ሲታወቅ ታሪኩ ያለቀ ይመስለናል።

ሞጣ ስንወርድ ሰይድ የላከው ልጁ ይጠብቀን ነበር። ታንጉት የምትባል ልብስ ሰፊ አሁን የት እንደምትሠራ ልጁን ጠየቅሁት። ከገበያው ጀርባ የራሷ ሱቅ አላት አለኝ። ሜሮንን ከእሱ ጋር ቅደሚ ብዬ፣ ብቻዬን በገበያው በኩል ወረድኩ።