መቻል እና የእትዬ መዲና ግቢ

«ውሻ፣ ድመት ምናምን የለሽም አይደል? ካለሽ ከአሁኑ ንገሪኝ፤ ኋላ እንዳንጨቃጨቅ» አለኝ አከራዩ ፊት ለፊቴ ቆሞ። ከሳውዲ የተመለሰ ሰው ነው። ክፍሉ ደህና ነበር፤ ወለሉ ሊሾ፣ ውሃውም ደጃፉ ላይ። የእኔ ዓይን ግን በሩ ሥር በተቀመጠ አረንጓዴ የውዱእ ማንቆርቆሪያ ላይ ቀረ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ እዚሁ መካነ ሰላም እትዬ መዲና ግቢ ተከራይቼ ነበር። ልጃቸው ከጅዳ በላከችው ገንዘብ የተሠሩ፣ በተርታ የቆሙ የቆርቆሮ ክፍሎች ናቸው። ከከላላ ገጠር መጥተን የምንማር ልጆች ነበርን የምንከራያቸው። ቅዳሜ ስንቅ ልናመጣ ወደ ቤት እንሄዳለን፤ እሁድ ድርቆሽና በሶ ተሸክመን እንመለሳለን። ዛሬም ድርቆሽ በበርበሬ ሲፈተፈት ከሸተተኝ የዚያ ክፍል ብርድ ይመጣብኛል።

አንድ እሁድ ከስንቁ ጋር መቻልን ይዤ መጣሁ። መቻል የወንድሜ ውሻ ነው። ወንድሜ በጅቡቲ በኩል ባሕር ሊሻገር ወጥቶ ድምፁ ከጠፋ ከርሟል። አባቴ «ግልገል ነክሷል፤ አንዴ ደም ከቀመሰ አይተውም» ብሎ የሚያንቅበት ገመድ ሲፈልግ ደረስኩ። ሌላ ምን ላድርግ?

እትዬ መዲና ገና ከበሩ ሲያዩት «አንቺ ጥሩዬ፣ ይሄን ደግሞ ስንተኛ ክፍል ልታስገቢው ነው?» አሉ። ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

«ውሻ ካለበት ቤት መላኢካ አይገባም። ከአጥር ውጭ ይደር።»

ከአጥር ውጭ አደረ። ሰኔ ገብቶ ዝናቡ ሲጠና ግን አንድ ጠዋት ሾልኮ ገባና ክዳኑ የተከፈተ፣ ለሶላት የሚታጠቡበትን የውዱእ ማንቆርቆሪያቸውን ላሰ። እትዬ መዲና አልጮሁም። ቁጭ ብለው መጀመሪያ በአፈር፣ ከዚያ በውሃ ሰባት ጊዜ አጠቡት። ሲጨርሱ «ሁለተኛ ከገባ አብረሽው ትወጫለሽ» አሉኝ።

በዚያው ሰሞን ያበደ ውሻ አንድ ሕፃን ነከሰ። በድምፅ ማጉያ ተለፈፈ፦ ውሻ ያለው ሰው ግቢው ውስጥ ይሰር፤ ነገ መንገድ ላይ ለተገኘው ሥጋ ይጣልለታል። ሥጋው ምን እንዳለበት የማያውቅ የለም።

«እትዬ፣ ለነገ ብቻ። ከዛፉ ሥር ልሰረው።»

«አልችልም ልጄ።»

«የወንድሜ ነው። ከእሱ የቀረኝ ይሄ ብቻ ነው።»

«አፉ በይኝ። የምሰግድበት ግቢ ነው።»

ጎረቤቱን ሁሉ ዞሬ ለመንኩ። አንዱ ዶሮ አለኝ አለ፣ ሌላው ልጆቼ ይፈራሉ አለ። በማግስቱ ጠዋት እትዬ መዲና ሱብሒ ሲሰግዱ ጠብቄ መቻልን ክፍሌ አስገባሁት፤ ቆለፍኩበትና ለሞዴል ፈተና ሄድኩ። ምን እንደጠየቁን አላስታውስም።

ስመለስ የክፍሌ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። እትዬ መዲና ከአጥር ውጭ ጭቃው ላይ ቁጭ ብለዋል። የመቻልን ራስ ጭናቸው ላይ አድርገው በማንቆርቆሪያው ወተት ያጠጡታል፤ ወተት መርዝ ያረክሳል ይባላል። ማንቆርቆሪያው ያው ሰባቴ የታጠበው ነው። ልጋጉ እስከ ክርናቸው ወርዷል።

«ሲያላዝን ሶላቴን በተነብኝ» አሉ ቀና ሳይሉ። «በትርፉ ቁልፍ ከፈትኩለት። እንደ ወትሮው በሩ ላይ የሚተኛ መስሎኝ። ዋጥ አድርግ አባቴ፣ ዋጥ አድርግ።»

አልዋጠም።

ከዚያ በኋላ ክፍሉን ልቀቂ አላሉኝም። እኔም የምሄድበት ስላልነበረኝ ትምህርቱ እስኪያልቅ ቆየሁ። በሌላ ማንቆርቆሪያ ሲታጠቡ አያቸዋለሁ፤ ያየሁ አልመስልም። ልጠላቸው ብዬ ስንት ጊዜ ሞክሬያለሁ፤ ያ እስከ ክርን የራሰ እጅ እየመጣ ያበላሽብኛል።

«ታዲያ?» አለ አከራዩ። «ውሻ አለሽ ወይስ የለሽም?»

«የለኝም።»

«እንግዲያማ ዛሬውኑ ግቢ» ብሎ ቁልፉን ዘረጋልኝ።

ቁልፉን ሳልቀበል ቦርሳዬን አነሳሁና ወጣሁ።