የሌለ ውሃ

ስለ ማና ዶሲያ ማውራት ስጀምር ቆሽቴ ያርራል፤ ከወዲሁ ይታወቅልኝ። ማና በእኛ በፊሊፒንሷ ደሴት በሳማር ታላቅ እህት ማለት ነው። ሥጋ ዘመዴ አይደለችም፤ ጎረቤቴ ናት። ግን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ኮፕራዋን በአሮጌ ጂፔ ጭኜ ወደብ ከተማ አድርሼላታለሁ። በዚያ ሁሉ ዘመን አንድ እርጥብ ጆንያ ጭኜላት አላውቅም። ይህን የሚክድ ካለ ፊቴ መጥቶ ይካድ።

ኮፕራ የደረቀ የኮኮናት ሥጋ ነው፤ ዘይቱ የሚጨመቀው ከእሱ ነው። ሌላው ሰው ሁለት ቀን ጭስ ላይ ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ ይሸጠዋል። ዶሲያ ግን አራት ቀን ታቆየዋለች። ፍሙን ራሷ ትቆሰቁሳለች፣ ለሰው አታምንም። ከዚያ አንድ ቁራጭ ጆሮዋ ሥር ይዛ ቀጭ ታደርገዋለች። ካልጮኸ ተመልሶ እሳቱ ላይ ይወጣል። “ዝም ያለ ኮፕራ ውሃ ደብቋል” ትላለች። ለዚህም ነው ሰፈሩ ሁሉ “የዶሲያ ምላስ ብቻ ነው ከኮፕራዋ የሚደርቅ” እያለ የሚቀልድባት። ምላሷንማ እኔም ቀምሼዋለሁ።

ባሏ ከሞተ አሥራ አራት ዓመቱ ነው። አንድ ልጇ ክሪስፑሎ ማኒላ ውስጥ በአንዲት ክፍል ከሚስቱና ከሦስት ልጆቹ ጋር ይኖራል። በደወለ ቁጥር፣ “እማ፣ ዛፎቹን ለእንጨት ሽጪና ነይ” ይላታል።

“መጥቼ የት ልተኛ? ምድጃው ላይ?” ትለዋለች።

ዛፎቹ ስልሳ አራት ናቸው። እናቷ ጭሰኛ ሳለች የተከለቻቸው ናቸው፤ መሬቱ በስማቸው የሆነው ብዙ ቆይቶ፣ ዶሲያ ልጅ ከወለደች በኋላ ነው። ከዛፎቹ ሌላ ምንም የላት። እነሱ ካሉ በገዛ ደጇ የምትኖር ሴት ናት፤ ከሌሉ ግን የምራቷ እንግዳ ናት። ነገሩ ይኸው ነው።

ደግሞ ኮኮናትን እኛ ወደን አላበዛነውም። አያቴ እንዳወራኝ፣ እስፔኖች ለመርከባቸው ገመድ ሲያስፈልጋቸው እያንዳንዱ ሰው ሁለት መቶ ዛፍ እንዲተክል አዘዙ። ቀጥሎ አሜሪካኖች መጡ፤ ዘይቱ ጣማቸው፤ ትከሉ፣ ትከሉ ተባለ፤ ሩዙን እየነቀልን ተከልን። ከዚያ የራሳቸው ገበሬ ሲጮህባቸው፣ እኛኑ እየገዙን ሳለ፣ በዘይታችን ላይ ቀረጥ ጣሉ። አስተክሎ ለምን ተከልክ ብሎ መቅጣት። እስፔኖቹም ሲሄዱ አንድ ቃል ጥለውብን ሄዱ፤ ሬሴካዳ ይባላል። ኮፕራ ገዢው “ይህ ውሃ አለው” ብሎ ከክብደቱ ላይ የሚቀንሰው ነው።

እኛ ዘንድ ሬሴካዳ የሚወጣው ከዶን ሊያንድሮ አውራ ጣት ነው። በወደቡ ከእሱ ሌላ ገዢ የለም። ጆንያውን ያስፈታል፣ የጣቱን ጥፍር ኮፕራው ላይ ይጫናል፣ ጣሪያውን ያያል፣ ቁጥር ይጠራል። “አሥራ ሁለት” ካለ ከመቶው ኪሎ አሥራ ሁለቱ ውሃ ነው፤ አልቋል። ለዶሲያም ለሰነፉም አሥራ ሁለት ነው የሚለው። በደህናው ዘመን ማለቴ ነው።

ባለፈው ዓመት አሜሪካ በአገራችን ዕቃ ላይ ቀረጥ ጨመረች ተባለ። ከሌላ ትልቅ አገር ጋር በንግድ ተጣልተዋል፣ መዘዙ ለሁሉም ደርሷል አሉ። የዚያን ሳምንት ወረፋ ላይ ቆመን አንዱ፣ “ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሳሩ ነው” አለ።

“ዝሆኖቹማ ባሕር ማዶ ናቸው” አለች ዶሲያ። “እዚህ ማን እንደሚረግጠን አሁን ታያለህ።”

ተራዋ ደረሰ። ዶን ሊያንድሮ ጥፍሩን ጫነ፣ ጣሪያውን አየ። “ሃያ አምስት።”

“ዶን፣ ይህ እኮ እንደ ብስኩት ነው የሚሰበረው።”

“የአሜሪካ ታሪፍ ነው፣ ዶሲያ።”

“ታሪፍ እርጥብ ነው እንዴ?”

ወረፋው ሳቀ። ዶን አልሳቀም። “ዘይት ፋብሪካው ቀነሰብኝ፣ እኔም ቀነስኩ። ምን ላድርግ?”

“እንግዲያው ዋጋውን ይቀንሱ። ኮፕራዬን እርጥብ አይበሉብኝ።”

ዋጋውን እንዴት ይቀንሳል? ዋጋው ደጁ ላይ በትልቁ ተጽፏል፤ ተቆጣጣሪ ሲመጣ ያየዋል፣ ጋዜጠኛ ያየዋል። ጣቱን ማን ያያል? ዓይን ያወጣ ሌብነት ማለት ይህ ነው፤ የተጻፈው ሳይነካ ያልተጻፈው ይዘረፋል።

ስንመለስ ዶሲያ ከጎኔ ተቀምጣ፣ “ስማ ፖንሶ” አለችኝ። “የሚቀጥለውን ጭነት ውሃ የሚባል ነገር የማይገኝበት አደርገዋለሁ። እሱንም ሃያ አምስት ካለው ዛፎቹን ለባለ መጋዙ እሰጣለሁ።”

“ማና፣ በንዴት ቃል አይገባም።”

“አንተ መሪህን ያዝ።”

ስድስት ቀን አደረቀችው፤ ስድስት ቀን። ዓይኗ ከጭሱ በርበሬ መስሏል። ሄጄ ጆንያውን ሳነሳው ቀለለኝ፤ ደነገጥኩ። ኮፕራ በደረቀ ቁጥር ክብደቱ ይሄዳል፤ እዚህ ሕፃን እንኳ ያውቀዋል።

“አበድሽ እንዴ? ኪሎሽን እኮ በገዛ እጅሽ አቃጠልሽው።”

“ይቃጠል። ውሃውን እኔው ካወጣሁት እሱ ምን ያወጣል?”

ስህተቷ ይህ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት ያ ጣት ውሃ የሚፈልግ መስሏት ነበር። እኔም ብሆን ከሷ አልተሻልኩም፤ የመንግሥት ኮኮናት ቢሮ ሄጄ የእርጥበት መለኪያ ተዋስኩ፤ በመዳፍ የምትያዝ መሣሪያ ናት። ሠራተኛው ሲሰጠኝ፣ “ውሰዳት፣ ግን ጋሼ፣ እኛ ዶንን ማዘዝ አንችልም” አለኝ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥል።

ሚዛኑ ላይ ጆንያዎቹ ወጡ። በሰው ሁሉ ፊት መሣሪያዋን ሰካኋት። አምስት አለች። ከመቶው አምስት፤ ከዚህ በላይ ኮፕራ አይደርቅም። አንድ ሽማግሌ አንገቱን አስግጎ ቁጥሩን ጮክ ብሎ አነበበው። ዶን ሊያንድሮ መሣሪያዋን አያት፤ ከዚያ ጥፍሩን ጫነ። ጥፍሩ አልገባም፣ ተንሸራተተ፤ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ጣሪያውን አየ።

“ሃያ አምስት።”

“ማሽኑ አምስት ይላል” አልኩት።

“ማሽኑ ኮፕራ አይገዛም።”

ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ። ደሜ አናቴ ላይ ወጣ፤ ጆንያውን አቅፌ ላወርደው ተጠጋሁ። እዚህ ሚዛን ላይ የወጣ ጆንያ አይወርድም፤ ያወረደ ሰው ዳግመኛ አይገዛለትም። እኔ ምን ገዶኝ፣ ዛፍ የለኝ። ዶሲያ ግን ክንዴን ያዘች። “ተው ፖንሶ። የሰፈሩን ጭነት የምታመላልሰው አንተ ነህ፤ ያንተ ጂፕ ደጄ አይድረስ ቢል ሌላው ሰው በምን ይሄዳል?” ጆንያውን ለቀቅኩት። በሃያ አምስቱ ሸጠች።

መንገድ ላይ አንድ ነገር ብቻ ተናገረች። “ውሃውን ሁለቴ ከፈልኩት” አለች። “አንዴ በእሳት፣ አንዴ በጣቱ።”

ባለ መጋዙ ማክሰኞ መጣ። ለመንኳት፣ ተቆጣሁ፣ “ሳምንት ጠብቂ” አልኩ። “ሳምንት ምን ያመጣል?” አለችኝ። ስልሳ አራቱ በሁለት ቀን ወደቁ። ያ ልጅ እግር ባለ መጋዝ ላቡን እየጠረገ ሰላም ቢለኝ ጮህኩበት።

“ምን አጠፋሁ ጋሼ?” አለኝ።

“ምንም። ዝም በል ብቻ።”

ሐሙስ ከሰዓት በሬዲዮ ተነገረ። አሜሪካ በኮኮናት ዘይትና በአገሯ በማይበቅሉ ሌሎች ነገሮች ላይ የጣለችውን ቀረጥ አነሳች፤ የራሷ ሰዎች ኑሮ ተወደደብን ብለው አማረሩ። አገራቸው ኮኮናት እንደማይበቅል ለማወቅ ይህን ሁሉ ወር ፈጀባቸው። ያ ሁሉ ፊርማ፣ ያ ሁሉ መግለጫ ከሚወጣ፣ አንድ ሰው እንኳ ደጁ ወጥቶ ዛፍ ቢያይ ይበቃ ነበር። እየሮጥኩ ሄድኩ። ለምን እንደሮጥኩ ዛሬም አይገባኝም።

ጉቶዎቹን እያለፍኩ ገባሁ። እሳት አንድዳ ድስት ጥዳለች። የኮኮናት ዛፍ ሲወድቅ ከጫፉ ነጭ ልብ ይወጣል፤ ለአንድ ድስት አንድ ዛፍ ስለሚሞት የምንበላው ለሠርግና ለዓመት በዓል ብቻ ነው። ዶሲያ በሽሪምፕና በኮኮናት ወተት ቀቅላዋለች፤ ሽታው እስከ መንገድ ይመጣል።

“ማና፣ ቀረጡ ተነሳ።”

ማማሰሏን አላቆመችም። “ሬሴካዳውስ?”

ዜናው ሲነገር የሌላ ሰው ጭነት ይዤ ሚዛኑ ጋ ነበርኩ። ዶን ሊያንድሮም ሰምቶታል፤ ሲያወራው ነበር። ከዚያም ጥፍሩን ጭኖ ሃያ አምስት ብሏል።

“ሃያ አምስት ነው” አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። ሳህን አነሳች፣ ሩዝ ጨመረች፣ ከድስቱ አበዛችበት፣ ፊቴ አስቀመጠችው።

“አልራበኝም።”

“ብላ። ነገ ይበላሻል፤ ቅዳሜ እኔም ወደ ማኒላ ነኝ። ስልሳ አራት ልብ ወጥቷል፣ ማን ይጨርሰዋል?”

በላሁ። ጣፋጭ ነበር። ሁለተኛ ስትጨምርልኝም አልከለከልኳትም። እስካሁን ራሴን ይቅር ያላልኩት በዚህ ነው።