የሲኩ ውኃ

ባለፈው ሳምንት ጅጅጋ ገበያ አንድ ሱቅ ውስጥ የሰናፍጭ ዘይት ጠርሙስ ወድቆ ተሰበረ። ባለሱቁ ሲራገም እኔ ቆሜ ሽታውን ማሽተት ጀመርኩ። የአቶ ሲንግ ጢም ሽታ ነበር።

አቶ ሲንግ የውኃ ሞተር ጠጋኝ ነበሩ። ህንዳዊው አባታቸው ከበርበራ ለንግድ መጥተው ጅጅጋ ቀሩ፤ እሳቸውም እዚሁ ተወልደው እዚሁ ሸበቱ። ነጭ ጢማቸውን በሰናፍጭ ዘይት ያሹታል፤ ራሳቸው ላይ ሰማያዊ ጥምጥም፣ ከአንገት በታች ናፍጣ የጠጣ ቱታ። ጥምጥሙን ያየ ሁሉ የእስልምና ሼክ ይመስሉታል። እናቶች የታመመ ልጅ አቅፈው ዱዓ ሊያስደርጉ ጋራዡ በር ላይ ይቆማሉ።

«እኔ ሲክ ነኝ፣ እህቴ» ይላሉ፤ ሲክ ከህንድ የመጣ ሌላ ሃይማኖት ነው።

«አዎ ሼክ፣ እናውቃለን። በሉ ዱዓ አድርጉለት።»

ልጁን ወደ ክሊኒክ ይልኩታል። ሴትየዋም «ሼኩ ልከውኝ ነው» እያለች ትሄዳለች።

ነገሩ የሆነው በልጅነቴ፣ መንግሥት ከተለወጠ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። አባቴ ከጅጅጋ ወደ ቱሊ ጉሌድ በሚወስደው መንገድ ላይ የአንድ ጉድጓድ ሞተር ኦፕሬተር ነበር፤ ትምህርት ሲዘጋ እኔም እሱ ጋ እከርማለሁ። ከጉድጓዱ የሚቀዱት ሁለት መንደሮች ናቸው፣ የላይኛውና የታችኛው። በዚያ የድርቅ ወራት ወጣቶቻቸው በወረፋ ተጣልተው በዱላ ተፈነካከቱ። በማግስቱ ሞተሩ ቆመ። የላይኞቹ «የታችኞቹ አሸዋ ጨመሩበት» አሉ፤ የታችኞቹም ያንኑ መለሱላቸው።

አቶ ሲንግ በአይሱዙ ጀርባ ተጭነው መጡና ሲፈቱ ሲገጥሙ ዋሉ። አሸዋ የሚባል ነገር አልነበረም፤ የተደፈነው የናፍጣ ማጣሪያው ነው፤ እሱንም አጸዱት። ነገር ግን ሞተሩ ሳይነሳ «ማን አስቀድሞ ይቅዳ?» ተባለና ዱላ እንደገና ተነሳ። አባቴ መካከል ቆሞ ፊቱ አመድ መሰለ። ግመሎቹ ደረቁን ገንዳ ይልሳሉ። ያን ቀን ውኃ ካልወጣ ከብት ብቻ ሳይሆን ሰውም እንደሚሞት እኔ ልጁ እንኳን ገብቶኛል።

የታችኛው መንደር ሽማግሌ እጃቸውን አነሱ። «ሼኩ ይፍረዱ! የሃይማኖት ሰው የተናገረውን እንቀበላለን።» የላይኞቹም ተስማሙ።

አቶ ሲንግ እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። «ሼክ አይደለሁም። ሲክ ነኝ። ሃይማኖቴ ሌላ ነው፤ መስጊድ ገብቼም አላውቅ።»

አንድ ጎረምሳ «ወላሂ! እናቴ ታዲያ ወንድሜን ማን ጋ ነው የወሰደችው?» ብሎ ጮኸ።

«ወንድምህ ድኖ የለም እንዴ? ዝም በል» አለው ጓደኛው። ጥቂቶች ሳቁ።

ሽማግሌው ግን አልሳቁም። «የእናንተ ሰዎችስ እንዲህ ያለ ቀን ምን ያደርጋሉ?»

አቶ ሲንግ በርሜል ላይ ተቀምጠው ስለ አሥረኛው ጉሩ፣ ስለ ሲኮች የሃይማኖት አስተማሪና የጦር መሪ፣ በሶማልኛ አወሩ። አባቱ ሲገደሉ ገና የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር። አድጎ የተናቁትን ሰበሰበ፣ ሰይፍ አስታጠቃቸው፣ ለሁሉም «ሲንግ» የሚል አንድ ስም ሰጣቸው፤ አንበሳ ማለት ነው። በአንድ ከበባ ከሰዎቹ አንዱ ውኃ ተሸክሞ በቁስለኞች መካከል እየዞረ ጠላትንም ወገንንም ያጠጣ ነበር። ተዋጊዎቹ ተቆጥተው፣ እኛ የጣልነውን ይሄ ያስነሳል ብለው ከሰሱት። ሰውየውም የወደቀ ሰው ፊት ላይ ጠላትና ወገን መለየት እንደማይችል ተናገረ። መሪው አልቀጣውም። ቁስላቸውንም እንዲያክምበት መድኃኒት ጨመረለት።

«ጠላቶቹ እነማን ነበሩ?» አሉ ሽማግሌው።

አባቴ እንዲተዉት ብሎ ጉሮሮውን ጠረገ። አቶ ሲንግ «ሩቅ አገር ሰዎች» ብለው ማለፍ ይችሉ ነበር።

«ብዙዎቹ እስላሞች ነበሩ። የእስላሙ ንጉሥ ወታደሮች።»

ሽማግሌው ዱላቸውን ወደ መሬት አወረዱ። «ጠጡ?»

«ጠጡ።»

«እኛ ታዲያ የአንድ አያት ልጆች ሆነን ምን ነክቶን ነው? ወርያ፣ ስሙኝ! የላይኞቹ ይቅዱ!»

የላይኞቹ ሽማግሌ ተቆጡ። «ኧረ አይሆንም! እናንተ ሰጣችሁን ሊባል ነው? እናንተ ቅዱ!»

አሁን ደግሞ ላለመቅደም ክርክር ሆነ። አባቴ ይሄኔ ሞተሩን አስነሳው። ውኃው ሲመጣ የላይኛው ለታችኛው፣ የታችኛው ለላይኛው አንድ አንድ ጄሪካን ሞሉ። ጠብ በተነሳ ቁጥር እዚያ እስከ ዛሬ የሚደረገው ይኸው ነው፤ «የሲኩ ውኃ» ይሉታል።

ሰው ተሳስቶ ያልሆንከውን ነህ ሲልህ ዝም ማለት ውሸት መሆኑን ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ለልጆቼ ደጋግሜ እነግራቸዋለሁ፤ እንደሚሰለቻቸውም አውቃለሁ።

ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው ያቋረጥኩት። የቀረውን ከተዋሰኩት መጽሐፍ ሁሉ ለቅሜያለሁ። አቶ ሲንግ ካረፉ በኋላ የዚያን መሪ ታሪክ ፈልጌ አነበብኩ። በዚያው ጦርነት አራቱንም ወንዶች ልጆቹን አጥቷል፤ ሁለቱ ገና ሕፃናት ነበሩ። አቶ ሲንግ ይህን አልነገሩንም። እኔም የልጆች አባት ነኝ። እንዲህ ያለ ሐዘን ቢደርስብኝ ለጠላቴ ውኃ የሚሰጠውን ሰው የማመሰግን አይመስለኝም። እንደማልችል ስለማውቅ ነው ልጆቼን ከአሁኑ ለተጣሉት ውኃ መስጠት የማስለምዳቸው።

በቀደም ሁለተኛው ልጄ ከጎረቤት ልጅ ጋር ተደባድቦ አፍንጫው እየደማ ገባ። የጎረቤቱ ልጅ ከአጥራችን ውጪ ፀሐይ ላይ ቆሞ ያለከልካል።

«ውኃ ውሰድለት» አልኩት።

«አባዬ፣ እሱ እኮ ነው የመታኝ!»

«ሰምቻለሁ። ውሰድለት።»

እያጉረመረመ አንድ ኩባያ ይዞ ወጣ። ያን ቀን አልታረቁም። ልጁ ግን ጠጣ።