በክት የሌለው ፀጉር

መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ በዘጋቢነት በሠራሁ በሁለተኛው ዓመት፣ ኅዳር ሲገባ፣ ከእንስሳ የተገኘ ልብስ መልበስ ተውኩ። የበግ ፀጉር በርኖሴን በማዳበሪያ ከረጢት አስሬ አልጋ ሥር ወረወርኩት። የቆዳ ጫማዬንና ቀበቶዬንም ጨመርኩበት። የለፋ ቆዳ ያን ያህል እንደማያሰጋ የተረዳሁት ኋላ ነው።

ምክንያቱ ከሁለት ሳምንት በፊት ለዘገባ ግሼ ውስጥ ወዳለችው ራቤል ሄጄ ያየሁት ነው። አንድ ገበሬ ዘጠኝ በጎች በሦስት ቀን አለቁበት። ከአፍንጫቸው ደም ወጥቷል። የእንስሳት ሐኪሙ «አባ ሰንጋ ሳይሆን አይቀርም፤ በፀጉርና በቆዳም ወደ ሰው ይጋባል» ብሎ ናሙና ወደ አዲስ አበባ ላከ፤ በጎቹም ከነፀጉራቸው እንዲቀበሩ አዘዘ። በጎቹ ግን ተሸልተው ነበር።

«ሥጋውን አልቀመስንም፤ በክት ነው» አለኝ ገበሬው ቅር ብሎት። «ፀጉር ግን በክት የለውም።»

«የት አደረጋችሁት?»

«ገበያ ወጣ።»

ስለዚህ ለብርዱ ሌላ ልብስ ፈለግሁ። ከቆላ የመጣ የጥጥ ቡልኮ ገዛሁ። ከሰልባጅ ተራ የናይለን ጃኬት አገኘሁ። ሁለት ሸሚዝ ደርቤ በመካከላቸው የቆየ ጋዜጣ አነጠፍኩ። በሁለት ካልሲ ላይ ኮንጎ ጫማ አጠለቅሁ፤ ሱሪዬን በሲባጎ ታጠቅሁ። ጋዜጣው ከጃኬቱ ይልቅ ያሞቅ ነበር። የጠዋቱ ውርጭ ግን በኮንጎው ቀዳዳ ይገባል።

አከራዬ ባላቸው የሞቱባቸው፣ የበግ ፀጉር ፈትለው የሚተዳደሩ ሴት ነበሩ።

«አንተ፣ ምን ነካህ? እንደ ባዶ ከረጢት እየተንኮሻኮሽህ ትገባለህ!»

«ይሞቃል እትዬ።»

«ይሞቃል ይላል፣ ጥርሱን እያንቀጫቀጨ! የመንዝ በግ ምን በደለህ?»

«ፀጉሩን ከየት ነው የሚገዙት?»

«ከገበያ ነዋ። ከሰማይ ይወርድልኛል?»

ልነግራቸው አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ያልተረጋገጠ ነገር አላወራም፤ ሥራዬ ያስተማረኝ ይህን ነው። የምርመራው ወረቀት ሲመጣ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ራሴን ለመጠበቅ ግን ወረቀት አልጠበቅኩም።

ወሩ ሳያልቅ አንድ ጠዋት ክፍሌ ገብተው የተጠቀለለ ክር አልጋዬ ላይ ቆለሉ።

«ባና ላሠራልህ ነው። ስትንቀጠቀጥ ማየት ሰለቸኝ። ዘንድሮ ደግሞ ፀጉሩ ርካሽ ነው፤ ከግሼ በኩል በሽ በሽ ብሏል።»

ክሩን ሲያስተካክሉ እጅጌያቸው ተሰበሰበ። ክንዳቸው ላይ ዙሪያው ያበጠ፣ መካከሉ ጥቁር የሆነ ቁስል አየሁ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ምች ይሆናላ። ያሳክከኛል እንጂ አያምም።»

የእንስሳት ሐኪሙ ስለ አባ ሰንጋ ቁስል የነገረኝ ይህንኑ ነበር፦ ጥቁር፣ የማያም።

ወደ ጤና ጣቢያው ስንሄድ ሁሉንም ነገርኳቸው። ወደ እግሬ አዩ።

«ኮንጎውን ያደረግኸው ለዚህ ነው?»

«አዎ።»

«ታዲያ ለእኔ አትልም ነበር?»

የጤና ጣቢያውን በር ከፈትኩላቸው።

ነርሷ ቁስሉን አይታ ፔኒሲሊን ወጋቻቸው። በጊዜ መጥታችኋል አለችን። እሳቸው ግን አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ሌላ ነገር ያስቡ ነበር።

«ያን ቀን ከግሼው ፀጉር የገዛሁት እኔ ብቻ አይደለሁም» አሉ።

«ስንት ነበራችሁ?»

«ተራው ሙሉ።»

የአዲስ አበባው ወረቀት ገና አልመጣም። ቀኑ ደግሞ የገበያ ቀን ነበር። ወረቀቱን ሳልጠብቅ ሴቶቹን ላስጠነቅቅ ተነስቼ ወጣሁ። በኮንጎ መሮጥ አይመችም፤ ቢሆንም ሮጥኩ።

የፀጉር ተራው ስደርስ ሴቶቹ ክምሩን ከበው በጣታቸው እየፈለቀቁ ነበር። ብናኙ ፀሐዩ ላይ ይንሳፈፋል። ጠርዝ ላይ የተቀመጠችው ከከንፈሯ የተጣበቀ ፀጉር እፍ ብላ ወደ ጎረቤቷ ሳቀች።