የኮከቡ ንጉሥ ልብስ

የቀበሌያችን ሊቀመንበር አንድ ማለዳ ቆቦ ገበያ ዳር ካለችው የስፌት ሱቄ ገባና ማሽኔ ላይ አንድ ጆንያ ዘረገፈ። ከጆንያው የወጣው ከአንገት እስከ እግር አንድ ወጥ የሆነ ብርማ ልብስ ነበር። ደረቱ ላይ የመኪና ፍጥነት መቁጠሪያ ተሰፍቶበታል፤ ከጀርባው ሁለት የጎማ ቱቦ ተንጠልጥሏል።

"ጓድ፣ ይኼ የጠፈር ልብስ ነው" አለኝ።

በንጉሡ ዘመን ፊልም የሚያነሱ ፈረንጆች "ሌላ ዓለም ይመስላል" ብለው ወደ አፋር በሚወስደው በረሃ ሰንብተው ነበር። ሮቢት አጠገብ የሚኖሩ አንድ ገበሬ ግመል አቅርበው መንገድ መርተዋቸዋል። ፈረንጆቹ ሲሄዱ ልብሱን ተዉላቸው። እሳቸውም እንጨት ላይ ሰቅለው ማሽላቸው መካከል ለወፍ ማስፈራሪያ አቆሙት። ሊቀመንበሩ ከዓመታት በኋላ በዚያ ሲያልፍ አየውና፣ ወጣቶቹ ለአብዮት በዓል ለሚያሳዩት የጠፈር ትርኢት ይሆናል ብሎ ከእሳቸው ተዋሰው።

"ከምን እንደተሠራ፣ ምን ተቀብቶ እንደነበር አጣራና እንደ መጀመሪያው መልሰው" አለኝ። "ከራስህ ምንም እንዳትጨምር። ለበላይ አካል ሪፖርት ይደረጋል።"

እኔ የምሰፋው ሱሪና ካኪ ኮት ነው። ቢሆንም ሊቀመንበርን እምቢ ማለት የሚቻልበት ጊዜ አልነበረም። ስለዚህ የጭነት መኪና ቀለም የሚቀባውን ጎረቤቴን ጠራሁት። ልብሱን ከራስጌ እስከ ግርጌ ዳሰሰው።

"ከብርማው በላይ ያለውን ነጭ ነጠብጣብ አየኸው?" አለኝ። "በመሣሪያ የተረጨ ነው። ትከሻው ላይ ይበዛል፣ ወደ ታች ይሳሳል። ሆን ብለው ነው። ወላሂ፣ እንዲህ ያለ አረጫጨት አይቼ አላውቅም።"

ሁለት ቀን ሙሉ ነጠብጣቡን አጠናን። ሊቀመንበሩም መጥቶ "ነጭ ነጠብጣብ፣ ከትከሻ ወደ ታች" ብሎ ማስታወሻው ላይ ጻፈ። በሦስተኛው ቀን ባለቤቴ ምሳ ይዛልን መጣች። ጎንበስ ብላ አየችው፤ በጥፍሯ ፋቀችው።

"የወፍ ኩስ ነው" አለችና ምሳውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች።

ጎረቤቴ እጁን ሊታጠብ ወጥቶ ብዙ ቆየ።

ከዚያ በኋላ ነገሩን የያዘችው እሷ ናት። ከጫፉ ክር መዝዛ በክብሪት ለኮሰችው። እንደ ወረቀት ሸቶ አመድ ሆነ። "ጥጥ ነው። ናይለን ቢሆን ተኮማትሮ ይንጠባጠብ ነበር" አለች። ጨርቁ ተራ የድንኳን ሸራ ሆኖ ተገኘ። ትከሻውን ያሳበጠው የፍራሽ ስፖንጅ ነው። ቱቦዎቹን ደግሞ ጤና ጣቢያ የሚሠራ አንድ ደንበኛዬ ገና ሲያያቸው አወቃቸው፤ ለምን እንደሚያገለግሉ የነገረኝን እዚህ አልጽፈውም። ብብቱ አንዴ ተቀዶ በችኮላ ተሰፍቷል። የፈረንጁ ልብስ ሰፊ ሥራ ከእኔ ሥራ የማይሻል መሆኑን ሳይ፣ አልደብቅም፣ ደስ አለኝ።

ቀለሙን የነገረን ስፌቱ ነበር። የጎኑን ስፌት ፈትቼ ፀሐይ ያልደረሰበትን እጥፋት ስገልጠው እንደ ወርቅ አብለጨለጨ። ጎረቤቴ ጨርቅ ቲነር ውስጥ ነክሮ ሲያሸው ቢጫው ለቀቀ፤ ከሥሩ ብርማው ወጣ።

"የአልሙኒየም ቀለም ነው፤ ከላዩ ቢጫ ቫርኒሽ" አለኝ። "ቫርኒሹን ፀሐይ በልታዋለች።" ከወፍ ኩሱ ወዲህ ጠፍቶ የነበረው ድምፁ ተመልሶለት ነበር።

እንዳንሳሳት ብዬ ሮቢት ወርጄ ገበሬውን ጠየቅኋቸው።

"ወርቅ ነበር እንጂ" አሉኝ። "የሚለብሰው ፈረንጅ የኮከብ ንጉሥ ነው ብለውኛል። ሌሎቹ ሲሰግዱለት ይውሉ ነበር። ምነው ልጄ፣ መጀመሪያ ብትጠይቁኝ?"

ይህን ለሊቀመንበሩ ነገርኩት።

"ንጉሥ?" አለ።

"የኮከብ ንጉሥ ነው፣ ጓድ። የኛ አይደለም።"

"ወርቅ የፊውዳል ቀለም ነው።"

"እንደ መጀመሪያው ይሁን ያሉኝ እርስዎ ነዎት።"

ማስታወሻውን ገለጠ። "እንግዲያው ንጉሡ በትርኢቱ መጨረሻ ይገለበጣል። የኮከቡ ገበሬዎች ይገለብጡታል።"

"ነጠብጣቡስ?"

"ሪፖርት ተደርጓል። ይቀባ።"

ጎረቤቴ አልሙኒየሙን ቀብቶ ቫርኒሹን ደረበበት። ከዚያ የወፎቹን ሥራ በኖራ አንድ በአንድ መለሰ፤ ሲያደርገው ፊቱ ላይ ፈገግታ አልነበረም። ቫርኒሹን ግን አብዝቶት ነበርና በዓሉ ሲደርስ ገና አልደረቀም።

ንጉሥ የሆነው የመሠረተ ትምህርት አስተማሪያችን ነበር፤ ቀጭንና ዝምተኛ ሰው። ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት በመጣ ወንበር ላይ በክብር ተቀምጦ ግማሽ ሰዓት ያህል ሕዝብ ሲጨቁን ቆየ። ገበሬዎቹ ዱላ ይዘው ሲገቡ ሊወድቅ ተነሣ፤ ወንበሩ አብሮት ተነሣ። ሁለት ወጣቶች እጁን፣ ሁለቱ ወንበሩን ይዘው ጎተቱ።

"ውደቅ እንጂ" አለው ሊቀመንበሩ ከፊት ረድፍ፣ በሹክሹክታ።

"እምቢ አለኝ፣ ጓድ" አለ ንጉሡ።

ከጎብዬና ከሮቢት የመጣው ሰው ሁሉ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ገበሬውም እንባቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። መቀስ ይዤ መድረኩ ላይ ወጣሁና ከወንበሩ ጋር የተጣበቀውን መቀመጫ ቆረጥኩት። ንጉሡ ፊቱን ወደ ሕዝቡ እንዳደረገ፣ ሁለት እጁን ከኋላው ጋርዶ፣ ኋልዮሽ እየተራመደ ወጣ።

ሊቀመንበሩ ላብ አጥምቆት ነበር። ከአውራጃ የመጡት እንግዳ ግን ተነሥተው ረጅም ጭብጨባ አጨበጨቡ። ጨቋኝ ከወንበሩ በውድ እንደማይላቀቅ እንዲህ ጥልቅ ሆኖ ሲቀርብ አይቼ አላውቅም አሉ። ከዚያ ወደ ሊቀመንበሩ ዞረው ይህን ማን እንዳሰበው ጠየቁ።

ሊቀመንበሩ ላቡን ጠረገ። እኔንና ጎረቤቴን አየን።

"በጥናት የተሠራ ነው" አለ።