ከላስቲኩ ጀርባ

ልብስ ሰፊዋ ምድር ቤት የወረደችው በፈቃዷ ነው። ግንበኛው ታላቅ ወንድሟ ከነቤተሰቡ ወደ ወላጆቻቸው ቤት ሲመለስ፣ «ሁለት ልጅ ይዤ የት ልግባ? አንቺ ብቻሽን ነሽ» አላት። አሥራ አንድ ደረጃ ወርደው የሚገቡበትን ክፍል በገዛ እጁ አበጀላት። የድንጋዩን ግድግዳ በነጭ ፎም አለበሰው፣ በላዩ ጂብሰም ቦርድ መታበት፣ ቀባው።

«እንደ እንቁላል አሽጌልሻለሁ። ብርድም እርጥበትም ደጅ ያድራሉ።»

አመነችው። አባታቸው ከሞተ ወዲህ ወንድምም አባትም እሱ ነበር፤ «ጋሼ» የምትለው አፏን ሞልታ ነው።

ክረምቱ ሲገባ ጥጋጥጉን ጥቁር ሻጋታ ወረሰው። ደረቷ ያፏጭ ጀመር።

«ካውያሽ ነው» አላት ጋሼ። «ቀኑን ሙሉ እንፋሎት ስትለቂበት ግድግዳው ምን ያድርግ?»

«ዝናቡ እኔ ነኝ በለኛ!»

«ዘንድሮ ካንቺ ሌላ ዝናብ አላየሁም።»

ሳቀች። ካውያዋን ደረጃው አናት ላይ አስቀመጠች፤ ሻይ ማፍላት ተወች። የመንገደኛ እግር ብቻ የሚታይባትን ትንሽ መስኮት በዚያ ብርድ ከፍታ፣ ኮት ደርባ ሰፋች። በመጨረሻ በገዛ ትንፋሿ እንኳ ታፍር ጀመር።

አንድ ጠዋት ከስፌት መኪናዋ ጀርባ ያለው ቦርድ አብጦ ተፈነቀለ። ጋሼን ላለማስቸገር ራሷ ልትመልሰው ብትገፋው፣ እንደ ራሰ ዳቦ ተቆርሶ እጇ ላይ ቀረ። ፎሙም ተከትሎት ወጣ። ድንጋዩ ላይ፣ ዙሪያውን በወረቀት ማጣበቂያ የታሸገ የመዳፍ ያህል ላስቲክ ተለጥፏል።

አወቀችው። ልጅ ሳለች ሥራ ቦታ ይዟት ሲሄድ ያስተማራት ጋሼ ነው፦ ላስቲኩን ለጥፈሽ ሁለት ቀን ጠብቂ፤ ውሃው ከፊቱ ካቆረ የቤቱ እንፋሎት ነው፤ ከጀርባው ካቆረ ግን ግድግዳው ከውጭ እየጠጣ ነውና ውጭውን ቆፍረሽ ውሃውን ሳትከላከዪ እንዳታለብሺው። ያኔ፣ ድንጋይም ይጠጣል ብላ ስንት ቀን ተደንቃ ነበር።

ማጣበቂያው ላይ በእርሳስ ቀን ተጽፏል፤ እሷ ከመውረዷ አንድ ሳምንት በፊት። ከሥሩ፣ በሚያምረው የጋሼ እጅ ጽሕፈት፣ አንድ ቃል፦ «ከጀርባ»።

ይዛው ወጣች። ጋሼ ቁርስ ላይ ነበር። ሳህኑ አጠገብ አስቀመጠችለት። አየውና እጁን ከሳህኑ ሰበሰበ።

«ቁፋሮው ወራት ይፈጅ ነበር… እስከዚያ ልጆቹ ደጅ ሊወድቁብኝ ነበር። በጋ ሲመጣ እቆፍራለሁ ብዬ…»

«ይህንን ብትነግረኝ ኮት ደርቤ እኖርልህ ነበር። ካውያሽ ነው ያልከኝ ምን ብለህ ነው?»



ካውያዋን ከደረጃው አናት አምጥታ ሳሎኑ ውስጥ ሰካች። የደንበኞቿን ልብስ ምግቡ አጠገብ ቆልላ አንድ በአንድ ተኮሰች። እንፋሎቱ ጣሪያ ድረስ ነጭ ሆኖ ወጣ። ጋሼ ከወንበሩ አልተነሣም። የመጨረሻውን ሸሚዝ አጥፋ ስታበቃ ቀና አለች።

«ግንበኛው፣» አለችው፣ «እስቲ ግድግዳህን ንካው።»

ነካው። ደረቅ ነበር።